ጤፍን በመስመር መዝራት ስንት ሰዓት ይፈጃል? የእርሻ ሥራ ጊዜ ልኬት የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ

በ2003 ዓ.ም. ክረምት በአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከላትና በተመረጡ አርሶ አደሮች ማሳ ላይ ጤፍ በመስመር ተዘርቶ ተሞከረ። የዘሩ መጠን ሲቀነስና በመስመር ሲዘራ ምርቱ እስከ 70 በመቶ ሊያድግ ይችላል የሚል ትልቅ ተስፋ ተገኘ። በ2004 እና በ2005 ዘዴው ወደ ብዙ ወረዳዎች ወረደ። የልማት ሠራተኞች አሠለጠኑ፤ ሞዴል አርሶ አደሮች ገመድ ዘርግተው አሳዩ። አርሶ አደሩም ሞከረው። ነገር ግን ብዙው ሰው አንድ ጥማድ (ሩብ ሄክታር ያህል) ወይም ከዚያ ያነሰ በመስመር ይዘራና የቀረውን ማሳ በብተና ይጨርስ ነበር። ለምን ሲባል መልሱ ከቦታ ቦታ ብዙም አይለያይም፦ ጉልበት ይፈጃል።

መልሱ እውነት ነበር፤ ቁጥር ግን አልነበረውም። የኤክስቴንሽኑ መልእክት በኩንታልና በዘር ቁጠባ ላይ ያተኮረ ነበር፤ የሥራው ጊዜ በዝርዝር የተጠናው ቆይቶ ነው። ይህ ጽሑፍ ጉዳዩን ከሥራ ጊዜ አንጻር ያየዋል፦ ጉልበቱ ከየት እንደመጣ፣ በሠርቶ ማሳያ ላይ ለምን እንዳልታየ፣ በሜትርና በሰዓት እንዴት ሊለካ እንደሚችልና ልኬቱ ለሌላ የእርሻ ሥራ እንዴት እንደሚሻገር። ከታች "ብንወስድ" እየተባለ የሚቀርበው ፍጥነትና ጊዜ ስሌቱን ለማሳየት የተያዘ ግምት ነው፤ በየማሳው በልኬት መተካት አለበት። ርዝመቱና ስፋቱ ግን የሒሳብ ጉዳይ ስለሆነ የትም አይለወጥም።

ዳራ

ጤፍ በኢትዮጵያ ከእህሎች ሁሉ ሰፊውን መሬት የያዘ ሰብል ነው። ያን ጊዜ 2.7 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ይሸፍን ነበር፤ አማካይ ምርቱ በሄክታር 12 እስከ 13 ኩንታል ነበር። ማሳው በበሬ 3 እስከ 5 ጊዜ ይታረሳል። ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ ጠበቅ ያለ መደብ ይፈልጋል፤ በዚህ ምክንያት በብዙ ቦታ ከመዘራቱ በፊት ማሳው በከብት ይረገጣል። ከዚያ ዘሪው ዘሩን ይዞ እየተራመደ ይበትናል። ማረሱም መበተኑም በተለምዶ የወንድ ሥራ ነው።

ለብተና የሚመከረው ዘር በሄክታር 25 እስከ 30 ኪ.ግ. ነው፤ ከዚህ በላይ የሚበትንም አለ። አንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ 0.3 ግራም ያህል ይመዝናል ብንል፣ 30 ኪ.ግ. ማለት 100 ሚሊዮን ፍሬ ነው፤ ለአንድ ካሬ ሜትር 10,000 ፍሬ ይደርሰዋል። ይህ ሁሉ አይበቅልም። የበቀለውም ተፋፍጎ ቀጭን አገዳ ያወጣል፤ ዝናብና ንፋስ ሲመታው ይጋሽባል፣ ማለትም ወድቆ ይተኛል። የመስመር ሐሳብ የመጣው ይህን ለማስቀረት ነው፦ በመስመርና በመስመር መካከል 20 ሴ.ሜ.፣ ዘር በሄክታር 5 ኪ.ግ. ያህል፣ ዳፕ የተባለው ማዳበሪያ በመስመሩ ውስጥ። ተክሉ ቦታ ሲያገኝ በደንብ ያቆጠቁጣል፣ አገዳው ይወፍራል፣ ራሱ ይረዝማል። በ1998 ዓ.ም. ከደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል የወጣው ቁንጮ የተባለው ዝርያም ከዚሁ ፓኬጅ ጋር በስፋት ተሰራጨ።

የሰብሉ ሳይንስ ትክክል ነው፤ የተጋሸበ ጤፍ ያጨደ ሁሉ ያውቀዋል። ያልተሟላው የሥራው ሒሳብ ነው።

ችግሩ፦ ሠርቶ ማሳያው ጉልበቱን አላሳየም

ሠርቶ ማሳያ ትንሽ መደብ ነው። 10 በ10 ሜትር የሆነ መደብ ብንወስድ፣ በ20 ሴ.ሜ. ርቀት 50 መስመር ይወጣዋል፤ እያንዳንዱ 10 ሜትር ነው፤ በጠቅላላው 500 ሜትር። አራት ሰው ተከታትሎ ቢሠራ፣ አንዱ ቦይ እያወጣ፣ አንዱ ዳፕ እየጣለ፣ አንዱ ዘር እያንጠባጠበ፣ አንዱ አፈር እያለበሰ፣ በሰዓት 1 ኪ.ሜ. ፍጥነት በግማሽ ሰዓት ያልቃል። የአራቱ ሰው ጊዜ ሲደመር 2 የሰው ሰዓት ነው። ቆሞ ለሚያይ ጎብኚ ይህ ቀላል ሥራ ነው። የልማት ሠራተኛው አጠገብ ቆሞ ያርማል፣ መሬቱ የተስተካከለ ነው፣ ሠራተኛው አልደከመም።

አንድ ጥማድ ግን በብዙ አካባቢ ሩብ ሄክታር ያህል ነው፤ የመደቡ 25 እጥፍ። የመስመሩ ርዝመት 12.5 ኪ.ሜ. ይሆናል፣ የሥራው ጊዜ 50 የሰው ሰዓት። ሄክታር ሲሞላ መስመሩ 50 ኪ.ሜ. ነው። ይህን ለማወቅ ሙከራ አያስፈልግም፤ 10,000 ካሬ ሜትርን በመስመሩ ርቀት በሜትር ማካፈል ይበቃል። 10,000 ለ0.20 ሲካፈል 50,000 ሜትር ነው።

ከብተና ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ጎልቶ ይወጣል። ዘሪው በአንድ ምልልስ 4 ሜትር ስፋት ቢሸፍን፣ ሄክታሩን ለመጨረስ 2.5 ኪ.ሜ. ይራመዳል። በመስመር ሲሆን አራቱ ሰዎች እያንዳንዳቸው 50 ኪ.ሜ. ይሄዳሉ፤ ድምሩ 200 ኪ.ሜ. ነው። የብተናው ማልበሻ በቅርንጫፍ ጉተታ ሌላ ምልልስ ቢጨምር እንኳ ሁለቱ አይቀራረቡም።

እርምጃው ለምን ቀስ ይላል? መልሱ ዘሩ ላይ ነው። 5 ኪ.ግ. ዘር በ50 ኪ.ሜ. መስመር ላይ ሲከፋፈል ለአንድ ሜትር የሚደርሰው 0.1 ግራም ነው፤ 330 ፍሬ ያህል። በሁለት ጣት ተቆንጥሮ የሚያዝ እንኳ አይደለም፤ ከቁንጥጫው ላይ በትንሽ በትንሹ መልቀቅ ይጠይቃል። እጅ ትንሽ ሲፈጥን ዘሩ ይበዛል፤ መስመሩ እንደገና ተፋፍጎ ይበቅላል፤ ጥቅሙ ይጠፋል። በዝናብ የረጠበ እጅ ላይ ደግሞ ጤፍ ይጣበቃል። ስለዚህ ሥራውን የሚያዘገየው ድካም ብቻ ሳይሆን ጥንቃቄው ነው። በደቦ ብዙ ሰው በመጥራት የማይፈታውም ለዚህ ነው፤ ሰው ሲበዛ የሚንጠባጠበው ዘር ልክ ይለያያል።

በመጀመሪያ የተገኘው ቁጥርና ጉድለቱ

ቆየት ብለው ዘዴው በአርሶ አደሩ እጅ ሲሠራ የመረመሩ የኢኮኖሚ ጥናቶች የምርት ጭማሪው ከተጠበቀው እጅግ ያነሰ መሆኑን አገኙ። ጉልበቱ በግልጽ ጨምሯል፤ ለአንድ የሥራ ቀን የሚደርሰው ምርት ደግሞ ቀንሷል። መሬቱ የበለጠ ሰጠ፤ የሰው ቀን ግን ያነሰ ሰጠ። መሬት ጠቦት ጉልበት ለተረፈው ቤተሰብ ይህ ሊያዋጣ ይችላል፤ ለሌላው አያዋጣም።

እንዲህ ያሉ ጥናቶች የሚጠቀሙበት የተለመደ ዘዴ የማስታወስ ጥያቄ ነው። ከአጨዳ በኋላ አባወራው "ለመዝራት ስንት ሰው፣ ስንት ቀን ፈጀ?" ይባላል፤ መልሱ በሰው ቀን ይመዘገባል። ዘዴው ርካሽ ነው፣ ብዙ ቤተሰብ ይሸፍናል። የሚሳሳትባቸው ቦታዎች ግን የታወቁ ናቸው።

የመጀመሪያው የቀኑ ርዝመት ነው። በበሬ የሚታረስበት ቀን 5 ወይም 6 ሰዓት ነው፤ በሬው ከዚያ በላይ አይጎትትም። የአረም ቀን ከዚያ ሊረዝም ይችላል። ዝናብ ያቋረጠው የዘር ቀን 3 ሰዓት ሊሆን ይችላል። ሁሉም "አንድ ቀን" ተብሎ ሲጻፍ 3 ሰዓትና 8 ሰዓት እኩል ሆኑ ማለት ነው።

ሁለተኛው የተጠያቂው ማንነት ነው። አባወራው የራሱን ሥራ ያስታውሳል። ሚስቱና ልጆቹ ዘር ያንጠባጠቡበት፣ ለደቦ ምሳና ጠላ የተዘጋጀበት፣ ማዳበሪያ ከቀበሌ መጋዘን የተጓጓዘበት ጊዜ ከቆጠራው በቀላሉ ይወጣል። መስመር መዝራት ሴቶችንና ልጆችን ወደ ዘር ሥራ ያስገባ ዘዴ ስለሆነ፣ እዚህ ላይ የሚፈጠረው ስሕተት ከሌላ ሥራ ሁሉ ይበልጣል።

ሦስተኛው መቀየሪያው ነው። በብዙ ቅጽ ላይ የልጅ ሥራ እንደ ግማሽ ሰው፣ የሴት ሥራ ከአንድ በታች ተደርጎ ይባዛል። ለሸክም ወይም ለእርሻ ይህ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ቀጭን ዘር በልክ ለማንጠባጠብ ግን መሠረት የለውም። የሴቷ እጅ ከወንዱ እኩል ወይም በተሻለ በሚሠራበት ሥራ ላይ 0.8 ማባዛት የተሠራን ሥራ ከመዝገብ መሰረዝ ነው። ሰዓቱ እንዳለ ይጻፍ፤ ማን እንደሠራው በሌላ ዓምድ ይግባ።

በሜትርና በሰዓት መለካት

ሌላው መንገድ ሥራውን ወደ ትናንሽ ክፍሎች ከፋፍሎ እያንዳንዱን በሰዓት መያዝ፣ ከዚያ በማሳው መጠን መልሶ መገንባት ነው። በጀርመን ዳርምስታት የሚገኘው ኬቲቢኤል የተባለው ተቋም ለገበሬዎች የሚያሳትመው የሥራ ጊዜ መረጃ በዚህ አስተሳሰብ የተሠራ ነው። ሥራው አንዴ ከተከፋፈለ፣ ማሳው ሲረዝም፣ መስመሩ ሲሰፋ ወይም ሰው ሲቀነስ ጊዜው እንዴት እንደሚለወጥ እንደገና ሳይለኩ ማስላት ይቻላል። የማስታወስ ጥያቄ ይህን አይሰጥም።

የሚያስፈልገው ዕቃ ትንሽ ነው፦ የስልክ ሰዓት መያዣ፣ 50 ሜትር ሜትሮ፣ ጠንካራ ሰሌዳ ላይ የተያያዘ ቅጽ፣ እርሳስ (እስክሪብቶ በእርጥብ ወረቀት ላይ አይጽፍም)፣ ትንሽ ሚዛን። ሚዛኑ ለዘሩ ነው። ሰዓቱ ተለክቶ የተዘራው ዘር ካልተመዘነ፣ የፈጠነው ሠራተኛ በእርግጥ ፈጥኖ ይሁን ዘር አብዝቶ አይታወቅም።

ክፍሎቹ በየመስመሩ የሚደጋገሙና የማይደጋገሙ ተብለው ይለያሉ። የሚደጋገሙት ቦይ ማውጣት፣ ዳፕ መጣል፣ ዘር ማንጠባጠብ፣ ማልበስ፣ በመስመሩ ጫፍ መዞር፣ ገመዱን ወደሚቀጥለው መስመር ማዛወር ናቸው። የማይደጋገሙት ደግሞ ከቤት ወደ ማሳ መሄድ፣ ዘርና ማዳበሪያ መሸከም፣ ካስማ መትከል፣ ዕቃ መሙላት፣ ዕረፍት፣ ዝናብ ማሳለፍ ናቸው። ለእያንዳንዱ ድርጊት መነሻና መድረሻ ምልክት አስቀድሞ ይወሰናል፤ ለምሳሌ ማንጠባጠብ የመጀመሪያው ዘር ከእጅ ሲወድቅ ይጀምራል፣ ሠራተኛው የመጨረሻውን ካስማ ሲያልፍ ያበቃል። ይህ ካልተወሰነ ሁለት ለኪዎች ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ይጽፋሉ።

ልኬቱ ጠዋት ላይ ብቻ መያዝ የለበትም። ቢያንስ 5 መስመር መጀመሪያ ላይ፣ 5 መካከል ላይ፣ 5 ከማለቁ በፊት ይያዛል። የጠዋቱና የማታው ልዩነት የድካሙ መጠን ነው፤ 10 በ10 ሜትር መደብ ላይ ፈጽሞ የማይታየውም እሱ ነው። ሰው ሲለካ እንደሚፈጥንም የታወቀ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መስመሮች ይዞ አለመቁጠር ይሻላል።

የሰዓት አጻጻፍ ራሱ ብዙ ቅጽ ያበላሻል። ስልኩ 8፡15 ሲል አንዱ 8፡15 ይጽፋል፣ ሌላው በእኛ አቆጣጠር 2፡15 ይጽፋል። በቅጹ ራስ ላይ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ በጉልህ ይጻፍ። ከሁሉ የሚሻለው በሰዓት መያዣ ደቂቃና ሰከንድ ብቻ መጻፍ ነው። በመጨረሻም የክፍሎቹ ድምር ከሥራው ጠቅላላ መነሻና መድረሻ ጋር ይነጻጸራል። ከ10 በመቶ በላይ ከጎደለ፣ ያልተጻፈ ክፍል አለ ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ዘር ወይም ማዳበሪያ ለመሙላት የተኬደው መንገድ ነው።

ስሌቱ በአንድ ጥማድ ላይ

ማሳው 50 በ50 ሜትር፣ ርቀቱ 20 ሴ.ሜ.፣ ሠራተኛው አራት፣ ፍጥነቱ በሰዓት 1 ኪ.ሜ. ይሁን። ዋናው ሥራ 12.5 ሰዓት ለእያንዳንዱ፣ በድምሩ 50 የሰው ሰዓት ነው። መስመሩ 250 ነው፤ በየጫፉ መዞር 10 ሰከንድ ቢወስድ አራቱ ሰዎች በጠቅላላው 2.8 ሰዓት ያህል ያጠፋሉ። ገመድ ማዛወር ለሁለት ሰው 15 ሰከንድ በየመስመሩ ቢሆን ሌላ 2.1 ሰዓት ነው። ዘሩ 1.25 ኪ.ግ. ስለሆነ፣ 250 ግራም የሚይዝ ዕቃ 5 ጊዜ ይሞላል፤ ይህ ቀላል ነው፤ የዳፑ ግን ከባድ ነው። ስለዚህ ዳፑ በማሳው ሁለት ጫፍ ላይ አስቀድሞ ቢቀመጥ የሚያድነው መንገድ ብዙ ነው። ሁሉም ሲደመር 55 የሰው ሰዓት ያህል ይሆናል፤ በ6 ሰዓት ቀን 9 የሰው ቀን።

ያው ጥማድ 100 በ25 ሜትር ቢሆንና በረጅሙ ጎን ቢዘራ መስመሩ 125 ብቻ ነው። የመዞሪያውና የገመዱ ጊዜ በግማሽ ይወርዳል። ምንም የማያስከፍል ቁጠባ ነው፤ ቢሆንም በልማዱ የእርሻውን አቅጣጫ ተከትሎ በአጭሩ ጎን የሚዘራ አለ። ተዳፋት መሬት ላይ ግን የጎርፉ ነገር ይቀድማል፤ መስመሩ ተዳፋቱን አቋርጦ መሄድ አለበት፤ ቢያጥርም ይታገሡታል።

ከሁሉ የበለጠ ለውጥ የሚያመጣው ፍጥነቱና የሰው ቁጥር ነው። በሰዓት 1.5 ኪ.ሜ. ከተቻለ 50ው ሰዓት 33 ይሆናል። ዳፑንና ዘሩን አንድ ሰው በአንድ ጉዞ መጣል ከቻለ አንድ ሙሉ የ12.5 ኪ.ሜ. ምልልስ ይቀራል። ርቀቱ ወደ 30 ሴ.ሜ. ቢሰፋ ለሄክታር 50 ኪ.ሜ. የነበረው 33 ኪ.ሜ. ይሆናል፤ ምርቱ ስንት እንደሚቀንስ ግን ሌላ ልኬት ይጠይቃል።

ችግኝ አፍልቶ ማዛወርም በዚያው ዘመን ተሞክሮ ነበር። በ20 በ10 ሴ.ሜ. ቢተከል ለሄክታር 500,000 ችግኝ ያስፈልጋል። ለአንዱ 5 ሰከንድ ብቻ ቢወስድ 694 ሰዓት ነው። ይህ ስሌት በአንድ ወረቀት ጥግ ላይ የሚሠራ ነው፤ ለብዙ ሰፊ ማሳ የማይሆን መሆኑን ከመጀመሪያው ይናገራል።

ያዋጣል ወይ የሚለውን በጤፍ ኪሎ መመለስ

ዋጋ በየገበያው ስለሚለዋወጥ ሒሳቡን በጤፍ ኪሎ መሥራት ይሻላል። ሄክታሩ 13 ኩንታል ይሰጥ ነበር እንበል። ለመስመሩ የተጨመረው ጉልበት በ200 የሰው ሰዓት፣ ማለትም በ33 የሰው ቀን ይያዝ፤ የብተናውን ጥቂት ሰዓት ለጊዜው እንተወው። የተቆጠበው ዘር 25 ኪ.ግ. ነው።

ምርቱ 70 በመቶ ቢጨምር ጭማሪው 910 ኪ.ግ. ነው፤ ከዘሩ ጋር 935። ለአንድ የተጨመረ የሥራ ቀን 28 ኪ.ግ. ጤፍ ይደርሳል። ማንም አይጠላውም። ምርቱ 10 በመቶ ብቻ ቢጨምር 130 ኪ.ግ. ነው፤ ከዘሩ ጋር 155። ለአንድ ቀን 4.7 ኪ.ግ. ይደርሳል። አርሶ አደሩ ይህን በአካባቢው ለቀን ሠራተኛ ከሚከፈለው ጋር፣ ወይም እሱ ራሱ በዚያ ቀን ሌላ ማሳ ላይ ሊሠራ ከሚችለው ጋር ያነጻጽረዋል። ጤፍ ኪሎው በሚሸጥበት ዋጋ ሲባዛ የቀን ሠራተኛውን ምሳና ክፍያ ካልሸፈነ፣ ጥማዱን ብቻ በመስመር ዘርቶ የቀረውን በብተና መጨረሱ ስንፍና ወይም አለመሠልጠን ሳይሆን ትክክለኛ ሒሳብ ነው። ብዙ ስብሰባ ላይ "የአመለካከት ችግር" እየተባለ የታለፈው ይህ ሒሳብ ነበር።

በዚህ ላይ የቀኖቹ ብዛት አለ። ጤፍ ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ነሐሴ መጀመሪያ ይዘራል። ጥቁር አፈር ሲረጥብ እግር ይይዛል፣ ቦይ አይወጣም፤ ሲደርቅ ደግሞ ዘሩ አይበቅልም። በክርስቲያን አካባቢ ሐምሌ 12 ሚካኤል፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 29 በዓለ ወልድ፣ እሑዶቹም ሲጨመሩ መሬት የማይነካባቸው ቀኖች ናቸው፤ የሚከበረው በየአጥቢያው ይለያያል። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል፤ የጾም ቀን የሥራ ሰዓቱ ያጥራል። ከሁሉ ተርፎ 5 ቀን በ6 ሰዓት ቢገኝ ለአንድ ሰው 30 ሰዓት ነው። ሦስት የሚሠራ ሰው ያለው ቤት 90 የሰው ሰዓት አለው። ለሄክታር 200 ሰዓት የሚፈልግ ሥራ በዚህ ጉልበት ከ0.45 ሄክታር አያልፍም። በዓመት ስንት ጉልበት አለ የሚለው ጥያቄ እዚህ አይጠቅምም፤ ሥራ ፈት የሚሆነው የየካቲት ጉልበት ለሐምሌ አይቀመጥም።

የሠራው

ዘር ቁጠባው ያለ ጥርጥር ሠርቷል። ምርጥ ዘር ባልተዳረሰባቸው ቦታዎች በ30 ኪ.ግ. ፋንታ 5 ኪ.ግ. መዝራት ያንኑ ዘር ለስድስት እጥፍ መሬት አብቅቷል። መጋሸብ የቀነሰባቸው ማሳዎች ላይ አጨዳው ቀሏል፤ የወደቀ ጤፍ ለማጨድ አቅጣጫ መፈለግና ማንሳት ስለሚጠይቅ ጊዜ ይበላል። አራሚውም በመስመሩ መካከል እየረገጠ ስለሚገባ ሰብሉን አይረግጥም።

የውሃ ፕላስቲክ ክዳን በሚስማር በስቶ ዘሩን በዚያ ማንጠባጠብ ብዙ ቦታ የተሠራበት መላ ነው። ዘሩ ከደረቀ አሸዋ ጋር ሲቀላቀል እጁ የሚለቀው መጠን ይበዛለታል፤ ልኩን መጠበቅ ይቀላል። ዘሩ በአራት እጥፍ አሸዋ ቢቀላቀል ለአንድ ሜትር የሚወርደው 0.1 ሳይሆን 0.5 ግራም ይሆናል፤ ይህን እጅ ይሰማዋል። አሸዋው መድረቁ ግዴታ ነው። ፕላስቲኩ በየጊዜው ካልተነቀነቀ ደግሞ ከባዱ አሸዋ ከዘሩ ይለያል፤ የመጀመሪያዎቹ መስመሮች በአሸዋ፣ የኋለኞቹ በዘር ይሞላሉ።

ያልሠራው

አረም ላይ የተሰጠው ተስፋ ግማሽ እውነት ነው። በመስመር መካከል መግባት ይቀላል፤ ነገር ግን ዘሩ ስለሳሳ ማሳው ቶሎ አይከደንም፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አረሙ ክፍት ቦታ ያገኛል። ስለዚህ ለአንድ ካሬ ሜትር የሚፈጀው የአረም ጊዜ ሊቀንስም ሊጨምርም ይችላል፤ የሚወስነው ማሳው ከመዘራቱ በፊት ስንት ጊዜ እንደታረሰ ነው። አረምን ሲለኩ በሄክታር ብቻ መጻፍ አይበቃም፤ አንድ ካሬ ሜትር ማዕቀፍ ጥሎ የአረሙን ብዛት መቁጠርና አጠገቡ መጻፍ ያስፈልጋል። ያለዚያ የአንዱ ማሳ 40 ሰዓትና የሌላው 90 ሰዓት ለምን እንደተለያዩ ማንም አያውቅም።

ደቦና ወንፈልም እንደታሰበው አላገዙም። መስመር የጀመረው ሁሉ በአንድ ሳምንት ሰው ይፈልጋል፤ ወንፈል ደግሞ የተቀበሉትን ቀን መመለስ ነው። ሁሉም የሚዘራበት ሳምንት ላይ የሚመለስ ቀን የለም።

የአጨዳና የውቂያ ጊዜ አብሮ አለመቆጠሩም ሌላ ጉድለት ነው። አጨዳ በአብዛኛው ከመሬቱ ስፋት ጋር ይሄዳል፤ ማጓጓዝና ውቂያ ግን ከምርቱና ከጭዱ ብዛት ጋር ይሄዳሉ። ምርት ሲጨምር የኋለኞቹ ይጨምራሉ። ዘሩ ላይ የተጨመረውን ጉልበት ብቻ የሚቆጥር ሒሳብ አንዱን ጎን ይዘላል።

ለሌላ ሥራ የሚሻገረው

ለሽንኩርት ችግኝ፣ ለድንች፣ ለቲማቲም፣ ለመስኖ ቦይ ጠረጋ፣ ለላም አለባ አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ይሠራል። መጀመሪያ ሥራው ከምን ጋር እንደሚጨምር ይለያል፦ ከሜትር፣ ከተክል ቁጥር፣ ከኩንታል ወይስ ከከብት ቁጥር? ሁለተኛ የዚያ መጠን በወረቀት ይሰላል። ሦስተኛ ለአንዱ መጠን የሚፈጀው ጊዜ በሰዓት መያዣ ይለካል፤ ከዚህ ውስጥ በየዕለቱ አንዴ ብቻ የሚመጣው ዝግጅት ለብቻው ይወጣል። ይህ መለያየት ለትንሽ ማሳ ወሳኝ ነው። ማሳው 40 ደቂቃ የሚያስኬድ ከሆነ፣ ለ3 ሰዓት ሥራ ደርሶ መልስ 80 ደቂቃ መንገድ ነው።

ሙከራ የሚያቅድ ሰው ከምርት ማወዳደሪያው አጠገብ የብተናውን በተቀነሰ ዘር ማስገባት አለበት። ሙሉ ዘር በብተና፣ ትንሽ ዘር በብተና፣ ትንሽ ዘር በመስመር፤ ሦስቱ ሲወዳደሩ የምርቱ ጭማሪ ስንቱ ከዘር መቀነሱ፣ ስንቱ ከመስመሩ እንደመጣ ይለያል። ዘር መቀነስ ጉልበት አይጨምርም፤ መስመሩ ይጨምራል። ሁለቱ ተጣብቀው ከቀረቡ አርሶ አደሩ ርካሹን ለማግኘት ውዱንም አብሮ እንዲገዛ ይገደዳል። በዚህ ጉዳይ ውስጥ ከሁሉ የሚያስቆጨው ነጥብ ይህ ነው፤ ዘሩን ብቻ ቀንሶ መበተን በመጀመሪያው ዓመት እኩል ክብር አግኝቶ ቢሰበክ ኖሮ ብዙ ቤት ያለ ተጨማሪ ጉልበት ይጠቀም ነበር።

መዝሪያ መሣሪያዎችም በዚሁ ዓይን ይታዩ። አራት መስመር በአንዴ የሚዘራ፣ በሰዓት 2 ኪ.ሜ. የሚሄድ መሣሪያ 50ውን ኪ.ሜ. ወደ 12.5 ያወርደዋል፤ ሄክታሩ በ6 ሰዓት ከሩብ ያልቃል። በደረቅ ግቢ ሲታይ እንዲህ ነው። ጥቁር አፈር ላይ ግን ጭቃው መንኮራኩሩን ይይዛል፣ የዘር ቀዳዳው ይደፈናል፣ መንኮራኩሩ ሲንሸራተት ዘሩ ይቋረጣል። በየ100 ሜትሩ አንድ ጊዜ ቆሞ 1 ደቂቃ ቢጠረግ በሄክታር 125 ማቆሚያ፣ ከ2 ሰዓት በላይ ነው፤ በየ20 ሜትሩ ቢቆም ከ10 ሰዓት ያልፋል፣ ከመዝሪያው ጊዜም ይበልጣል። ስለዚህ ሙከራው ዝናብ በጣለ ማግስት፣ በአርሶ አደሩ ማሳ፣ ቢያንስ በግማሽ ጥማድ ላይ ይሁን፤ በቅጹም ላይ በ100 ሜትር ስንት ጊዜ እንደቆመና እያንዳንዱ ማቆሚያ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ የሚጻፍበት ዓምድ ይኑር።